ጋሼ መስታወት ላይ የተነፈሰው ግጥም

ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ የራሱ ጉዳይ፤ በእኛ መንገድ ላይ ፊደልን እንደ እኔ የሚያስጨፍር ሰው የለም። «ሀ»ን አዘልለዋለሁ፣ «መ»ን አሽከረክረዋለሁ፣ «ጨ»ን ከላይ ጥዬ እንደ ኳስ አነጥረዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከእኔ በላይ የተማሩት ፊደልን ያነቡታል፤ እኔ ግን አዘዋለሁ። ወደ ሱቃችን የሚመጣ ደንበኛ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ እንደገና ኮምፒውተሩን ያይና «ሠራተኛው የት ሄደ?» ይላል። እኔም እግሬን አነባብሬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሠራተኛው እኔ ነኝ፤ ምን እንሥራልዎት?» እላለሁ።

ለዚህ ወንበር ያበቃኝ ግን ጋሼ ነው። ጋሼ የታፔላ ጸሐፊ ነው። የመድኃኒት ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን ስም በእጁ የጻፈው እሱ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩ ሰሞን እናቴ የእሱን ሱቅ ታጸዳ ነበር፤ እኔም ላግዛት እየመጣሁ ቀለም እደፋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮዬን ይዞ ያስወጣኝ ነበር። ጋሼ ግን «ይቺ ልጅ መቀመጥ ካልቻለች ትቁም» አለና መሰላል አስያዘኝ። እሱ ላይ ሆኖ ይጽፋል፣ እኔ ታች ሆኜ የመሰላሉን እግር እይዛለሁ። እጄ ሲይዝ አፌ አያርፍም። «ፌንጣ» የሚለውን ስም ያወጣልኝም ያኔ ነው። በኋላ ሰዉ በእጅ የተጻፈ ታፔላ እየተወ ሲመጣ ኮምፒውተር ገዛ፣ ገዝቶ ግን ሊነካው ፈራ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ አንቺ ዝለይበት» አለኝ። ዘለልኩበት።

ጉዱ የመጣው ጋሼ ጉሮሮውን ሲታመም ነው። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙም «ድምፅ እንዳያወጡ፤ ሹክሹክታም ቢሆን አይቻልም። ቁስሉ ሳይድን ከተናገሩ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል» አለው። መቼ ይድናል ሲባል ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ጋሼ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ገዝቶ በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። መናገር ሲፈልግ ይጽፋል፣ ያሳያል፣ በእጅጌው ያጠፋል። የታፔላ ጸሐፊ ስለሆነ ደግሞ «ውኃ አምጪልኝ» የሚለውን እንኳ አሳምሮ ካልሆነ አይጽፍም። ጽፎ እስኪጨርስ ጥሙ ይገድለዋል።

ችግሩ የልጁ ሠርግ ነው። ያለችው አንድ ልጅ ናት። እሷ ሕፃን ሳለች እናቷ ስለሞተች አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። እኔ «እታለም» እላታለሁ፤ ከእኔ በፊት መሰላሉን ትይዝ የነበረችው እሷ ናት። ጋሼ ለሠርጓ ቀን ግጥም ጽፎላታል። «ምን የሚል ነው?» ስትለው «ሰው ፊት ቆሜ እልሻለሁ፣ ያን ቀን ትሰሚዋለሽ» እያለ ከርሟል። ሠርጉ ሲደርስ ድምፁ ሄደ።

አንድ ቀን እታለም ሱቅ መጥታ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«ለምን አናራዝመውም አባዬ?»

ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «የሙሽራው ዘመዶች ከሩቅ ተነስተዋል።»

«እሺ አጎቴ ያንብበው።»

«ግጥሜ በሰው አፍ አይገባም።»

«እሺ በወረቀት ስጠኝ።»

ጋሼ ይህን ሲሰማ ሰሌዳውን ገልብጦ አስቀመጠው። እታለም ተነሥታ ቦርሳዋን አነገተች። «ግጥሙን አይደለም እኮ የፈለግኩት» አለች፤ «አንተ ስትለው ነው ልሰማ የፈለግኩት።» ወጥታ ሄደች። ጋሼ በሩን ሲያይ ቆየ። ድምፅ የሌለው ሰው ሲከፋው ቤቱ ሁሉ ይከፋል።

እኔ መቼም ምላሴ ከእኔ ቀድማ ነው የተወለደችው። «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል?» አልኩት። «ግጥሙን ስጠኝ። ፊደሎቹን በፕሮጀክተር ሸራ ላይ አስነሥቼ እንዲናገሩ አደርጋቸዋለሁ። አንተ አጠገባቸው ትቆማለህ፤ እነሱ ይናገሩልሃል።»

ጋሼ መሳቢያውን ከፈተ። ግጥሙ ይኼ ነበር፦

መሰላሉን ይዘሽ ከታች ስትቆሚልኝ፣
ሰማዩ ቅርብ ሆኖ እጄ ደረሰልኝ።
ቀለም ሲንጠባጠብ በፀጉርሽ በልብስሽ፣
ዝናብ ነው እያልሽኝ መሳቅ ነበር መልስሽ።
ዛሬ ተራሽ ደርሶ አንቺ ነሽ ምትወጪ፣
እግሩን እኔ ልያዝ፣ አይዞሽ ልጄ ውጪ።

እኔ የግጥም ሰው አይደለሁም። ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ሳላስበው ቀና አልኩ፤ መሰላል የያዘ ሰው ልማዱ ነው።

የእኔ ሥራ እንዲህ ነው። ቃላቱን ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ፊደል መቼ እንደሚገባ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ እኔ እወስናለሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ የተዘጋጁ ማስጌጫዎች አሉ፤ እሳት አለ፣ ጭስ አለ፣ ፍንዳታ አለ። አንዱን መምረጥ ስላቃተኝ ሁሉንም መረጥኩ። «መሰላሉን» የሚለው ቃል ተደራርቦ መሰላል ሆነ። «ሰማዩ» በከዋክብት ፈነዳ። «ቀለም» ስክሪኑን ሞልቶ ፈሰሰ። «አይዞሽ» በጎን ብልጭ ብሎ አለፈ። «ውጪ» ደግሞ እንደ ሮኬት ተተኩሶ ሄደ፤ ከኋላው ከበሮ ጨምሬበታለሁ። ሠርቼ ስጨርስ በራሴ ቀናሁ።

ጋሼን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከፈትኩለት። እናቴ ወለል እየወለወለች ስለነበር መጥረጊያዋን ተደግፋ አየች።

«ይኼ ምንድነው?» አለች።

«ግጥም ነው እማ።»

«እኔ የሩጫ ውድድር መስሎኝ። አንዱንም ሳልይዘው አለፈ።»

«አንቺ አታውቂበትም።»

ጋሼ ሰሌዳውን አነሣ። ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ ጻፈ። «የማን ግጥም ነው?»

«የአንተ ነዋ ጋሼ።»

አጠፋው። እንደገና ጻፈ። «አላወቅኩትም።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣውን እመልስለታለሁ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ሰው የጠፋ ዕቃውን አገኘሁ ብሎ ሮጦ ሲሄድ የሌላ ሰው ሆኖ እንደሚያገኘው ፊቱ እንዲያ ሆነ።

«ሰውዬው ያጣው ድምፁን ነው» አለች እናቴ ወደ ወለሏ እየተመለሰች፤ «ዓይኑን አይደለም። ምን አድርጎሽ ነው የምታጠፊበት?»

ወንበሬን ወደ ጋሼ አስጠጋሁ። «እሺ፣ አንተ ብትለው እንዴት ነበር የምትለው? የት ላይ ነው የምትቆመው?»

ጋሼ ልማድ ሆኖበት አፉን ከፈተ። አየር ሲስብ አየሁት። ከወንበሬ ዘልዬ እጄን አፉ ላይ ጫንኩ። የጋሼም ዓይን ፈጠጠ፤ ምን ሊያደርግ እንደነበር የገባው ያኔ ነው። ትንፋሹ መዳፌ ላይ ሞቀኝ። ከዚያ እጄን አንሥቼ ሸሚዜ ላይ ጠረግኩና «በል ተጠንቀቅ» አልኩት፤ እኔ አለቃው የሆንኩ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። የምትቆምበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ አልኩት፤ ዛሬ ያደረገበትን ነገ ይሰርዘዋል። ጠረጴዛውን በጣትህ ምታልኝ አልኩት፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው እኩል እኩል መታልኝ። ሠርጉ እየቀረበ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ አንዱን ፊደል እያስገባሁ ሌላውን አስወጣለሁ። ጉራዬ ሁሉ ተንኖ አለቀ። እታለም ስትደውል «እየተሠራ ነው» እላትና ስልኩን ቶሎ እዘጋለሁ።

አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ ልንጽፍ ሄድን። መስታወት ላይ ሲጻፍ ጋሼ ውስጥ ይሆናል፣ እኔ ውጭ ቆሜ ተጣመመ አልተጣመመ በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ። ውስጥ የሚጻፈው ዝናብ እንዳያጥበው ነው። ጋሼ መስመር ሲስብ ትንፋሹን ይይዛል። እኔንም ያስተማረኝ እንዲያ ነው፤ እየተነፈሱ የሳቡት መስመር ይንቀጠቀጣል። ስቦ ሲጨርስ ይለቀዋል። ያን ቀን ብርድ ስለነበር፣ በለቀቀ ቁጥር መስታወቱ ላይ ጉም ይሠራል፣ ይጠፋል። ይጽፋል፣ ጉም። ይጽፋል፣ ጉም። እኔ ምልክት መስጠቱን ትቼ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ጋሼ ከውስጥ «ምንድነው?» በሚል እጁን አወናጨፈ።

ሮጬ ገባሁ። «ጋሼ፣ ግጥሙን መስታወት ላይ ጻፈው። የእኛን ሱቅ መስታወት። አሁኑኑ። የት እንደምትቆም ትንፋሽህ ያሳየኛል።»

ባለመድኃኒት ቤቱ «የእኔስ?» አለ።

«የእርስዎ ይደርሳል። መድኃኒት የሚፈልግ ታፔላ አያይም፤ እያሳለ ነው የሚመጣው» አልኩት። ጋሼ በእኔ ፈንታ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀና የጀመረውን ቃል ጨርሶ ተከተለኝ።

የእኛን መስታወት በጋዜጣ ወለወልኩት። ውጭ ወንበር ላይ ወንበር ደርቤ እንዲቀርጽ ስልኬን በጨርቅ አሰርኩበት። ጋሼ ውስጥ ቆሞ ነጭ ቀለም በጥብጦ ቡርሹን አነሣ። «ደንበኛ እንደሌለ አስበው» ብዬ ከውጭ ጮህኩለት። «እታለም እዚህ እንደቆመች አስበውና በቡርሽህ በለው።» እሱም መስታወቱን አየ፤ እኔን አላየኝም፣ ከእኔ ጀርባ ያለውንም አላየም። ጀመረ።

«መሰላሉን ይዘሽ» በአንድ ትንፋሽ አለፈ። ጉም ከዚያ በኋላ መጣች። «ከታች ስትቆሚልኝ» ላይ ደግሞ ቸኮለ፣ እንደሚስቅ ሰው። «ዝናብ ነው እያልሽኝ» የሚለውን በትንንሽ ትንፋሾች ነው የጻፈው፤ ጉሞቹ እንደ ጠብታ ሆነው ተከታተሉ። አላፊ አግዳሚው ይቆማል። አንዷ ሴት «ሱቁ ተሸጠ እንዴ?» አለችኝ፤ በጣቴ አፌን ዘግቼ ዝም አሰኘኋት። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ደረሰ። «እግሩን እኔ ልያዝ» ጻፈ። «አይዞሽ» ጻፈ። ከዚያ ቡርሹን አነሣና ቆመ።

ቀለም ያለቀበት መሰለኝ። ቀጥል ቀጥል ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። እሱ ግን አያየኝም። ትንፋሹ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነውና ፊቱ ጠፋ። ጉሙ ቀስ እያለ ሲነሣ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ያኔ ቡርሹን ነክሮ «ልጄ ውጪ» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ጨረሰው። እኔም እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ።

ቪዲዮውን ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍት ደግሞ ሌላ ጉድ። ውስጥ ቆሞ የተጻፈ ነገር ውጭ ሲታይ ይገለበጣል አይደል? ብልጥ ነኝና ገና ሳላየው አስቀድሜ ገለበጥኩት። ሁሉም ፊደል ተገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ሆኖ መጣ፤ አንድም የሚነበብ የለም። «ጋሼ፣ ጠፋ፤ ሥራችን ሁሉ ጠፋ» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ መጥቶ ስክሪኑን አየና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሰሌዳውን አነሣ። «ስንት ዓመት ከውስጥ ሆኜ ለውጭ ሰው ስጽፍ ኖርኩ። ገልብጬ ነው የጻፍኩት፣ ውጭ እንዲቀና።»

ለካ ውጭ ቆሜ ቀና ብሎ ሳየው ነበር። ዓይኔ ጉሙ ላይ ስለነበር ፊደሉን ልብ አላልኩትም። እናቴ ይህን የሰማች ቀን «ፊደል አዛዧ» ብላ ጠራችኝ፤ እስካሁን አልተወችውም።

እሳቱን፣ ጭሱን፣ ከበሮውን አጠፋሁ። የጋሼን ፊደሎች አንድ በአንድ ተከትዬ ሣልኳቸው፤ ቡርሹ በሄደበት ፍጥነት ይሄዳሉ፣ ቡርሹ በተነሣበት ይቆማሉ። ጉም በነበረበት ቦታ የተጻፈው ቃል ትንሽ ይደበዝዝና ይመለሳል፤ ሌላ ምንም አይንቀሳቀስም። «አይዞሽ»ን ለብቻው ተውኩት፣ እሱ የቆመውን ያህል። እጄ ስንት ጊዜ ሊያሳጥረው ሄደ፤ እጄን መለስኩት።

ያን ሥራ ስሠራ አንድ ነገር ገባኝ። ጋሼ «ሽ»ን ሲጽፍ ቆቡን በመጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው፤ ራሱ ላይ ባርኔጣ እንደሚደፋ ሰው። እኔም ስጽፍ እንዲያ ነው የማደርገው። የኔ ይመስለኝ ነበር። ሌላስ ምን ወስጄ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። የቡርሽ አያያዜ፣ ደንበኛ ሲያበዛብኝ ጣራ ማየቴ፣ ሥራ ስጨርስ ወደ ኋላ ሄጄ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ማየቴ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ያን ሁሉ ስወስድ አንድ ቀን እንኳ «አመሰግናለሁ» ብዬው አላውቅም። እሱን ከመስደብ ግን አልቦዘንኩም።

ሲያልቅ ጠራሁት። ተቀመጠ። ፊደሎቹ ሲጀምሩ ከንፈሩም ጀመረ፤ ድምፅ የለም፣ ከንፈር ብቻ፤ ከፊደሉ አንድ ነጥብ አልቀደመም፣ አልዘገየም። «አይዞሽ» ላይ ሁለቱም ቆሙ። ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። ከዚያ ሁለቱም እኩል ጨረሱ።

ሰሌዳው ላይ «እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

«ለምኑ?» ብሎ ጻፈ።

«ለመሰላሉ።»

አየኝ። አጠፋ፣ ጻፈ። «የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ።» ያን ቀን ከሱቁ ስወጣ እናቴ ዓይኔን ምን እንደነካው ጠየቀችኝ። «ቀለም ነው» አልኳት።

የሠርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ የተኮሰችልኝን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ፕሮጀክተሩን መካከለኛው መተላለፊያ ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል። መጋረጃው ተጋረደ። እታለም ከሙሽራው ጋር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷ ሰሌዳውን ከአንገቱ አውልቆ ጨርቁ አጠገብ ሲቆም ምን ሊያደርግ እንደሆነ አላወቀችም። ሊናገር መስሏት ከወንበሯ ብድግ ልትል ስትል ሙሽራው እጇን ያዛት።

ቁልፉን ተጫንኩ።

የመጀመሪያው ፊደል ሲሳብ የጋሼ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። እታለም አንዴ ፊደሉን፣ አንዴ አባቷን ታያለች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን መለየቱን ተወችው። «ዝናብ ነው እያልሽኝ» ሲል ሳቋ አመለጣትና አፏን በመዳፏ ያዘች። ፊት ለፊት እየሆነ ያለውን እያየሁ እኔ ከኋላ መቆም አልቻልኩም። ሥራ የሠራ ሰው የሚያነብለትን ሰው ፊት ማየት አይገባውም? በጠረጴዛው በኩል አለፍኩና ወደ ፊት ሄጄ ወደ ሰዉ ዞሬ ቆምኩ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ያያል። ብርሃኑ ፊቴ ላይ አረፈ፤ ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

«አይዞሽ» ላይ ቆመ። ቆመ። ቆመ። «ማሽኑ ተያዘ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ነካ ነካ አድርጊው» አለ ሌላው። እታለም ዘወር ብላ «ዝም በሉ፣ እየተነፈሰ ነው» አለች። ዝም አሉ። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሲይዝ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የመጨረሻዎቹ ቃላት መጡና እታለም ወንበሯን ገፍታ ወደ አባቷ ሮጠች። ጋሼ አቀፋት። ጆሮዋ ላይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ደነገጥኩ፣ ግን ድምፅ የለውም። እሷ ግን «ሰማሁህ አባዬ፣ ሰማሁህ» ትለዋለች። ሰዉ ያለቅሳል፣ እናቴም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ መካከላቸው ቆሜ፣ ያን ቀን እዚያ ስላቆመኝ አምላኬን አመሰገንኩ፤ ከልቤ ነው።

ሰዉ ትንሽ ጋብ ሲል ወደ እታለም ተጠጋሁ። ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ላይ ያለው ቅብ ወርዶ፣ ደስ ብሏት ተቀምጣለች። የሚገባኝን ለመውሰድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣

«እህስ እታለም፣ እንዴት ነበር ሥራዬ?» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«‹ልጄ ውጪ› የሚለውን ሸሚዝሽ ላይ ነው ያነበብኩት» አለች። «ሌላ ጊዜ ቁጭ በይ።»